ነጋዴ የሚወስደው ጠቦትና ለዘር የሚቀረው

መንዝ ውስጥ በግ የሌለበት ቤት ማግኘት ይቸግራል። የቆላ ሰው ስለ ብርዳችን ይቀልዳል፤ እውነቱን ነው፣ ገብሱን ውርጭ መትቶት ባዶ አገዳ የሚቀርባቸው ዓመታት አሉ። በእንዲህ ያለ ዓመት ቤተሰቡን የሚያወጣው በግ ነው። ማዳበሪያ የሚገዛው በበግ፣ ልጅ የሚማረው በበግ፣ ዕዳ የሚከፈለው በበግ። እኔ ያደግሁት ሞላሌ አካባቢ ነው፤ የመንደራችን አርቢዎች ተደራጅተው የበጎቻቸውን ዘር ማሻሻል ሲጀምሩ መረጃ መዝጋቢ ሆኜ ሠርቻለሁ። ግልገል ተወለደ ሲባል ሄጄ እመዝናለሁ፣ የጆሮ ቁጥር አስርለታለሁ፣ እናትና አባቱን እጽፋለሁ፤ ሦስት ወርና ስድስት ወር ሲሞላው ተመልሼ እመዝነዋለሁ። በግ ወይም ፍየል ለምታረቡ ከዚያ ሥራ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

ዘር የሚደክመው ጥሩ ዘር ስለሌለን ሳይሆን ጥሩውን ስለምንሸጠው ነው። ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ ነጋዴ መንደር ሲገባ ዓይኑ የሚያርፈው ቶሎ ባደገው ጠቦት ላይ ነው። ባለቤቱም ብር ቸግሮታል፣ ዋጋውም ደህና ነው፣ ይሸጠዋል። ማን ይፈርድበታል? ቤት የሚቀረው ጸጉሩ የቆመ፣ ሆዱ የተነፋ፣ ነጋዴው ዞር ብሎ ያላየው ጠቦት ነው። ይሄኛው ሳይኮላሽ ከሴቶቹ ጋር ይውላል፤ ጠቦት ደግሞ ከስድስት እስከ ስምንት ወሩ ባለው ጊዜ ማጥቃት ይጀምራል። አምስት ወር ቆይቶ የሚወለደው ግልገል አባቱ ገበያ የናቀው በግ ሆነ ማለት ነው። የሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ፣ ከዚያ የሚቀጥለውም። ሽማግሌዎች «የድሮ በግ ትልቅ ነበር» ሲሉ ናፍቆት ብቻ አይደለም። ግጦሹ መጥበቡ እንዳለ ሆኖ፣ ሳናውቀው በየዓመቱ ትንሹን እየመረጥን ነው የኖርነው።

በእኛ አካባቢ ይህን ልማድ ለመገልበጥ የተሞከረው በፈረንጆቹ 2009 በተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የዘር ማሻሻያ ሥራ ነው። ኢካርዳና ኢልሪ የተባሉት ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት፣ ቦኩ የሚባለው ቪየና ያለው የተፈጥሮ ሀብት ዩኒቨርሲቲና የአገራችን የምርምር ማዕከላት ሆነው አራት ዓይነት በጎች ላይ ጀመሩት፤ የመንዝ፣ የቦንጋ፣ የሆሮና የአፋር። የመንዙን የያዘው የደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ከውጭ የሚመጣ በግ የለም። መንደሩ ከራሱ ጠቦቶች መካከል ምርጦቹን ነጋዴ ሳይደርስባቸው ይይዛል፤ ማኅበሩ ለባለቤቱ ዋጋውን ይከፍላል፤ ጠቦቱ በአንድ ግጦሽ ለሚገናኙ ቤተሰቦች የጋራ አውራ ይሆናል። ያልተመረጡት ይኮላሻሉ ወይም ይሸጣሉ። አውራው አገልግሎቱን ሲጨርስ ይሸጥና ገንዘቡ ሌላ ጠቦት ይገዛበታል።

በወረቀት ላይ ቀላል ነው። አንዲት ጎረቤታችን ግን ጥሩ ጠቦት ነበራቸው፤ «እትዬ፣ እስከ መምረጫው ቀን ባይሸጡት» ብዬ ብለምናቸው፣ «ልጄ፣ አንተ ሚዛንህን ይዘህ ትሄዳለህ፤ ፋሲካ ግን እዚሁ እኔ ቤት ነው የሚመጣው» አሉኝ። ምን ይመለስላቸዋል? ከዚህ የተማርነው፣ የዘር ማሻሻል ግማሹ ሥራ ገንዘብ በሰዓቱ ማዘጋጀት መሆኑን ነው። ክፍያው ከበዓሉ በፊት እጃቸው ላይ ከገባ ጠቦቱ ይቀራል፤ «ከበዓል በኋላ» ከተባለ ሲነጋ በጉም የለም፣ ነጋዴውም የለም። ተመሳሳይ ማኅበር ልታቋቁሙ ካሰባችሁ ስለ ዘር ከመነጋገራችሁ በፊት ተዘዋዋሪ ገንዘቡን ጨርሱ።

ወደ ሚዛኑ ልመለስ። ግልገል የሚመዘነው በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ነው። ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ይገባና ሚዛኑ መንጠቆ ላይ ይንጠለጠላል፤ ይሄኔ እናቲቱ በግንባሯ ጉልበቴን ትገፋኛለች፣ የቤቱ ልጆች ይስቃሉ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ መጠበቅ ነው። የመንዝ ግልገል ሁለት ኪሎ ተኩል አካባቢ ከሆነ ደህና ተወልዷል። ከዚያ በታች የሆነውን በዚያ ብርድ የመጀመሪያውን ሌሊት ማሳለፉ ያሳስበኛል፤ ቶሎ እንገሩን እንዲጠባና ከእናቱ ጋር ቤት እንዲያድር አጥብቄ እናገራለሁ። የጆሮ ቁጥር ቁጥቋጦ ይዞት ይቀደዳል፣ ይጠፋል፤ ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን «ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ግራ እግሩ ጥቁር» እያልሁ መልኩንም እጽፍ ነበር። ሁሉም ነገር በተምታታበት ቀን ያዳነኝ መልኩ ነው።

የመምረጫው ቀን ጠቦቶቹ ሜዳ ላይ ይሰበሰባሉ። እኔ ከምርምር ማዕከሉ የመጣውን የጠቦቶቹን ደረጃ ዝርዝር ይዣለሁ፣ ሽማግሌዎቹ ከዘራቸውንና ዓይናቸውን ይዘዋል። በአንዱ ምርጫ ላይ ዝርዝሩ ከፊት ያስቀመጠው ጠቦት ከጎኑ ከቆመው በአንድ ኪሎ ተኩል ያህል ያንሳል። «ይሄ ትንሹ ምን ሊሠራ መጣ?» አሉ አንድ አዛውንት። ትንሹ መንታ ሆኖ የተወለደ ነው፤ ያውም ሣር በደረቀበት ወራት። ትልቁ ብቸኛ ልጅ ነው፣ የተወለደው ሜዳው በለመለመበት ጊዜ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ወተቱን ከእህቱ ጋር ተካፍሎ ነው ያደገው» አልኋቸው። ዝም ብለው ወገቡን በመዳፋቸው ዳበሱና «እንግዲህ ለብቻው ቢጠባ ስንት ይሆን ነበር በለኛ» አሉ።

ባለሙያዎቹ በኮምፒዩተር የሚሠሩት ስሌት የሚመልሰው ይህንኑ ጥያቄ ነው። ወንድ ከሴት ይከብዳል፤ ብቸኛ ከመንታ ይከብዳል፤ የመጀመሪያ ልጇን የወለደች እናት ልጅ ከበሳል እናት ልጅ ያንሳል፤ የወቅቱ ልዩነትም አለ። ስሌቱ እነዚህን ከክብደቱ ላይ ያነሳና የእናቱን፣ የአባቱን፣ የወንድምና የእህቶቹን መዝገብ ጨምሮ፣ ጠቦቱ ለልጆቹ ምን ያህል ሊያወርስ እንደሚችል ይገምታል። ኮምፒዩተር የሌለው ሰውም ይህን በዓይኑ መሥራት ይችላል፦ በአንድ ወር የተወለዱትን፣ በአንድ ግጦሽ የዋሉትን፣ ብቸኛን ከብቸኛ ጋር፣ መንታን ከመንታ ጋር ብቻ ያወዳድር። የሰኔን ጠቦት ከጥር ጠቦት ጋር ማወዳደር ሣርን ከሣር ጋር ማወዳደር ነው።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነውና። የተመረጠው ጠቦት በስድስት ወሩ ከእኩዮቹ በሦስት ኪሎ ቢበልጥ ልጆቹ በሦስት ኪሎ አይበልጡም። በክብደት ላይ በበጎች መካከል ከሚታየው ልዩነት በዘር የሚተላለፈው ብዙ ጊዜ ከግማሽ በታች ነው፤ ሌላው የመኖ፣ የእናት ወተት፣ የትልና የዕድል ጉዳይ ነው። ሲሶው በዘር ነው ብንል ከሦስቱ ኪሎ አንዱ ብቻ የዘሩ ሆነ። ግልገል ደግሞ ከአባቱ የሚወስደው ግማሹን ነው፤ እናቶቹ መካከለኛ ከሆኑ የሚተርፈው ግማሽ ኪሎ ነው። ግማሽ ኪሎ! ሰው ይስቃል። ነገር ግን የአውራው ልጆች በሙሉ፣ በየዓመቱ፣ ያለ ተጨማሪ መኖ ግማሽ ኪሎ ይዘው ሲመጡ፣ ከነሱም ምርጡ አባት ሲሆን፣ ጭማሪው የትም አይሄድም። ከመኖ የሚገኝ ክብደት መኖው ሲያልቅ ያልቃል፤ ይሄ አያልቅም።

እንደ ክብደት የማይታዘዙ ነገሮችም አሉ። በጊዜው መፀነስ፣ በየዓመቱ መውለድ፣ ግልገል ማሳደግ ላይ የዘር ድርሻ አነስተኛ ነው፤ ከአሥር እጅ አንዱ ቢሆን ነው። እነዚህን በአውራ ምርጫ ቶሎ ለመለወጥ መሞከር ድካም ነው፤ በመኖና በጤና እንክብካቤ ቶሎ ይሻሻላሉ። ግልገሏን የምታባርር ወይም እየደጋገመች ባዶ የምትከርም እናት ግን ብትሸጥ ይሻላል፤ ለዘሩ ሲባል ሳይሆን ሣሩን ለሌላይቱ ለመተው።

ከዝርዝሩ በኋላ ሥልጣኑ የሽማግሌዎቹ ነው፣ መሆንም አለበት። ስሌቱ የማያያቸውን ያያሉ። ቀንዱ ወደ ጉንጩ የሚገባ፣ ላቱ የቀጠነ፣ የኋላ እግሩ የተጠጋጋ ከሆነ ይወጣል። እኔ ደግሞ ሁለት ነገር ሳላይ አላሳልፍም። አንደኛው ጥርስ ነው፤ የታችኛው መንጋጋ ካጠረ ወይም ከረዘመ ሣር በደንብ መንጨት አይችልም፣ ለልጆቹም ሊያወርሰው ይችላል። ሁለተኛው ቆለጥ ነው። ሁለቱም ወርደዋል? እኩል ናቸው? ጠንካራ ናቸው? አንዱ ሆዱ ውስጥ የቀረ ጠቦት የቱንም ያህል ቢያምር ለዘር አይሆንም፤ ጉድለቱ ይወረሳልና። ቆለጡ ትልቅ የሆነ አውራ ሴት ልጆቹም ቀደም ብለው ለመፀነስ ሊደርሱ ይችላሉ፤ ስለዚህ ይህን መመልከት ነውር የሚመስለው ሰው ቢተወው ይጎዳል።

ቀለም ላይ ክርክር አያልቅም። የመንዝ በርኖስ የሚሠራው ከጥቁር ጸጉር ነው፤ ከበግ ጸጉር የሚሸመኑትን ዝተትና ባና ለሚሠሩትም ጥቁር በግ ሀብት ነው። በበዓል ገበያ ግን ቀይና ነጭ ቶሎ ይሸጣል። ነጭ አውራ ተመርጦ፣ ከነጭ እናት ጥቁር ግልገል ሲወለድ «አውራው አጭበረበረን» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል። አውራው ምንም አላደረገም። ብዙ ጊዜ የጥቁሩ ዘረመል በነጩ ሥር ተደብቆ ይተላለፋል፤ ግልገሉ ጥቁር የሚሆነው ከአባቱም ከእናቱም አንድ አንድ ሲደርሰው ነው። ሁለቱም ወላጆች ደብቀው ከያዙት ከአራት ግልገል አንዱ ጥቁር የመሆን ዕድል አለው። ስለዚህ ጥቁር ግልገል የወለደች ነጭ እናትም ተሸካሚ ናት። አውራውን ብቻ የሚከስ ሰው የራሱን በረት አላየም። መንጋጋውና ቆለጡ ላይ ያለው ጉድለትም ተደብቆ ሊተላለፍ ይችላል፤ እሱ ግን እንደ ቀለም የጣዕም ጉዳይ አይደለም።

የተደበቀውን ጉድለት ወደ አደባባይ የሚያወጣው የዘመድ ርቢ ነው። አባት ከሴት ልጁ ሲገናኝ፣ የሚወለደው ግልገል ከሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ዘረመል የመውረስ ዕድሉ 25 በመቶ ነው፤ በአባት ብቻ የሚገናኙ ወንድምና እህት ልጅ ደግሞ 12.5 በመቶ። ከገደሉ ማዶ ለብቻው የሚኖር አንድ አርቢ ነበር፤ በጎቹ ከሌላ መንጋ ጋር አይቀላቀሉም፣ አውራውንም ከራሱ በረት ነው የሚተካው። እሱ ቤት የምመዝናቸው ግልገሎች ቀላል ነበሩ፤ መንጋጋቸው ያጠረ፣ ጡት መያዝ የተሳናቸው ግልገሎች አይቻለሁ። እሱ «ቡዳ ነው» ይላል። ደብተሩን ከፍቼ የአውራውን ሐረግ ሳሳየው ብዙም አልተገረመም፤ «ለሰውማ ሰባት ትውልድ እንቆጥር የለ» ብሎ ነው የመለሰልኝ። በሚቀጥለው ዙር ከሌላ ቡድን አውራ ወሰደ።

ጊዜው እንዲህ ይቆጠራል። አውራው ዛሬ መንጋ ውስጥ ቢገባ የመጀመሪያ ሴት ልጆቹ ከአምስት ወር በኋላ ይወለዳሉ፤ ደህና ካደጉ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው አውራ ይፈልጋሉ። ስለዚህ አንድ ዓመት ካለፈው በኋላ ከሴት ልጆቹ ጋር ነው የሚውለው። ያኔ ለሌላ ቡድን መስጠትና የሌላውን መቀበል ያስፈልጋል። ገንዘብ የማያስወጣ፣ መነጋገር ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ እኔ ካየሁት ሁሉ በትንሽ ወጪ ብዙ የሚጠቅም ይህ ነው።

ስለ ውጭ ዘር ብዙ ስለምጠየቅ እሱንም ልንካው። አዋሲ የሚባለው በግ በ1980ዎቹ በፈረንጆቹ ከእስራኤል መጥቶ ከመንዝ በግ ጋር ተዳቅሏል። መኖ ያለበት ቤት ክልሱ ፈጥኖ ያድጋል፣ ጸጉሩም ይበዛል። መኖ በሌለበት ግን ትልቅ አካል ትልቅ ሆድ ነው፤ በበጋው የሚከሳው እሱ ነው። በኋላ ደግሞ ዶርፐር መጣ። ዶርፐር ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በ1930ዎቹ የተፈጠረ የሥጋ በግ ነው፤ በአንድ ወገኑ ዶርሴት ሆርን የሚባለው የእንግሊዝ በግ ነው፣ በሌላው ወገን ግን ከሶማሌው ጥቁር ራስ በግ የወረደ ዘር ነው። ከእኛው ቀጠና የሄደ ደም ዞሮ በውድ ዋጋ ተመለሰ ማለት ነው። እኔ የውጭ ዘር አልጠላም። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ከፋብሪካ ተረፈ ምርት እየገዛ ለሚያደልብ ሰው ክልስ ሊያዋጣው ይችላል። ጓሳ በሚባለው የመንዝ ደጋ ሥር በሣር ብቻ ለሚያረባ ግን አይመከርም።

ክልስ የምታረቡም ብትሆኑ አንድ ነገር እወቁ። ሁለት የተራራቁ ዘሮች ሲዳቀሉ የመጀመሪያው ትውልድ ከሁለቱ ወላጆች አማካይ በላይ ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ ጠንካራ፣ ፈጣን፣ የሚያምር። ሰው ይህን አይቶ ክልስ አውራ ከክልስ ሴት ጋር ያደርጋል። በዚያን ጊዜ ከመዳቀሉ የተገኘው ተጨማሪ ጉልበት ግማሹ ይቀንሳል፣ ግልገሎቹም አይመሳሰሉም፤ አንዱ የሴት አያቱን ይመስላል፣ ሌላው የወንድ አያቱን። «ዘሩ ተበላሸ» የሚባለው ያኔ ነው። ክልስ ለሥጋ ይሸጥ፤ አውራ አይሁን።

ማኅበር በሌለበት አካባቢ ያለ ሰው ብቻውን ምን ያደርጋል? ደብተር ይግዛ። እናት፣ አባት፣ የተወለደበት ቀን፣ ብቸኛ ወይስ መንታ፣ በሦስትና በስድስት ወሩ ስንት ሆነ፤ ሚዛን ከሌለ የደረቱን ዙሪያ በሜትር ይለካ፣ ሁሌም በጠዋት ግጦሽ ሳይወጣ። ከጎረቤት አምስት ስድስት አባወራ ጋር ተስማምቶ በዓመት ሁለት ሦስት ጠቦት ብቻ ሳይሸጥና ሳይኮላሽ ያስቀር። ምርጡን ጠቦት አስቀርቶ ለሃያ፣ ለሠላሳ እናት በጎች ማዋል ይቻላል፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው የራሱን አውራ መያዝ የለበትም። የቀሩት ጠቦቶች ከስድስት ወር በፊት ይኮላሹ፤ ሙክት ደልቦ ሲሸጥ ዋጋው ከወጠጤው አያንስም፣ ኪሳራ የለውም። በዚህ ላይ መደራደር አይቻልም። የአንድ ጎረቤት ያልተኮላሸ ጠቦት አጥር ዘሎ ቢገባ የዓመት ደብተር ከንቱ ያደርጋል፤ የዚያን ጊዜ የተወለደው ግልገል አባት ማን እንደሆነ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም።

ከሌላ መንደር አውራ ስታመጡ በቀጥታ መንጋ ውስጥ አትልቀቁት። ሁለት ሦስት ሳምንት ለብቻው ይቆይ፤ ሳል፣ እከክ፣ የአፍንጫ ፈሳሽ መኖሩን እዩ፣ የትል መድኃኒት ይጠጣ፣ ክትባቱን የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። ከዚያ ወደ ሴቶቹ የገባበትን ቀን ደብተሩ ላይ ጻፉ። አራት ወር ተኩል ሳይሞላ ደህና ሆኖ የተወለደ ግልገል ካለ የእሱ አይደለም፤ አባቱን ከጎረቤት ፈልጉ።